ቀላል ዲኤክስን ለጅማ መንገድ ማስተካከል፦ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ አላይመንት

የሂርማታ_ዲኤክስ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው በፈረንጆች 1982 የተሠራ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ 4ኬ ሞተር፣ የሚገፋው የኋላ ጎማ፣ ከፊት ስትራት (ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ)፣ ከኋላ በአራት ዘንግ የተያዘ አክስልና ሞላ። ባዶውን 870 ኪሎ ይመዝናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የከተማው ኮብልስቶን ላይ ነው የሚውለው፤ ቅዳሜና እሁድ የሰርቦና የአጋሮ መንገድ፣ አልፎ አልፎም የጅረን ዳገት። የውድድር መኪና አይደለም የምፈልገው። ኩርባ ላይ የታዘዘውን የሚሰማ፣ ጉብታ ላይ ወገብ የማይሰብር ይሁንልኝ።

አሁን ያለበት ሁኔታ፦ የፋብሪካ ሞላ፣ የኋላ ግራው ከቀኙ 20 ሚ.ሜ ዝቅ ያለ፣ አራቱም አሞርዛተር ዘይት ያፈሰሰ፣ ጎማው 155/80 አር 13።

እቅዴ ደግሞ፦ ከእያንዳንዱ ሞላ ሁለት ዙር መቁረጥ፣ 15 ኢንች ቸርኬ፣ በየቦታው ጠንካራ የፕላስቲክ ቦኮላ (ዘንጎቹ በሚታሰሩበት የሚገባው ቀለበት)፣ ከፊትም ከኋላም ወፍራም ባር (ማጋደልን የሚቀንሰው ዘንግ)። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው?

አባ_ሞላ
ልጄ፣ መጨረሻ የሚሠራውን መጀመሪያ አድርገኸዋል። ሞላ ከመንካትህ በፊት ያረጀውን ዕቃ ለይ። ባረጀ ዕቃ ላይ የተሠራ አላይመንት አንድ ወር አይቆይም፤ ሞላ ቀየርኩ መኪናው ግን ይንከራተታል የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ቴስቲናው (የመሪ ዘንጉ መገጣጠሚያ) የላላ ነው።

ፊቱን በክሪክ አንሳና በሻንሲው ላይ ካቫሌቶ አስገባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። ቢነቃነቅ አንድ ሰው ፍሬን ይያዝልህ። ፍሬን ሲያዝ ከጠፋ ኩሽኔቱ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ (የታችኛው ክንድ መገጣጠሚያ) ወይም የስትራቱ የላይ ማረፊያ። ቀጥሎ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘህ ነቅንቅ፤ እዚያ የሚገኘው ልቅነት የቴስቲና ወይም የመሪ ሳጥን ነው። የመሪ ሳጥኑን ለመለየት ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው፣ አንዱ መሪውን ትንሽ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ሌላው ከሥር ይይ። ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ሳይንቀሳቀስ መሪው ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው። የማስተካከያ ብሎኑን ግን በጭፍን አታጥብቀው። መሃል ላይ ልክ ሆኖ ጥጉ ላይ የሚይዝ መሪ ከልቅ መሪ የባሰ አደገኛ ነው።

ስለ ግራ ኋላው ዝቅታ፦ ሁለቱን የኋላ ሞላዎች ግራና ቀኝ አቀያይራቸው። ዝቅታው ወደ ቀኝ ከሄደ ሞላው ደክሟል፣ ጥንዱን በአንድነት ቀይር። እዚያው ግራ ከቀረ የሞላው መቀመጫ ዝጓል ወይም አካሉ ተጣሟል። አዲስ ሞላ ይህን አያድንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጎማ ቦኮላ ያለበትን ቡሎን ሁሉ መጨረሻ የምታጠብቀው መኪናው በራሱ ጎማ ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅከው፣ መኪናው ሲወርድ ቦኮላው ተጠማዝዞ ይቀመጣል። መኪናውን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ከፍታህን ያሳስትሃል፣ በጥቂት ወርም ይቀደዳል። ከሥር ለመግባት ካስቸገረህ አራቱንም ጎማ እኩል ከፍታ ባለው ጠንካራ ጣውላ ላይ አቁም።

ዝቅ_ያለ
ጋሼ የሚሉትን አከብራለሁ፤ ግን ዲኤክስ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁመቱ ለጭነትና ለአምስት ሰው ነው። ሁለት ዙር ሲቆረጥ የክብደቱ ማዕከል ይወርዳል፣ ኩርባ ላይ ማጋደሉ ይቀንሳል። ቀላል መኪና ስለሆነ ጠንካራ ሞላ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የሚሄዱ ስንት ናቸው! ለሰርቦ አስፋልት ምን ችግር አለው?

ሜካኒካል_ቂጦ
"ቀላል ስለሆነ ጠንካራ ሞላ ይችላል" የሚለው የተገለበጠ ነው። መኪና በቀለለ ቁጥር ያው ሞላ ይበልጥ ይጠነክርበታል። ቁጥሩን እንሥራው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ልኬት ያስገባበት።

870 ኪሎ ላይ ነጂ 70 ኪሎ ሲጨመር 940። 53 በመቶው ፊት ላይ ነው ብንል በአንድ የፊት ጎማ 249 ኪሎ። ከዚህ ሞላው የማይሸከመውን፣ ማለትም ጎማ፣ ቸርኬ፣ ዲስክና የስትራቱን ታች፣ በግምት 30 ኪሎ ስንቀንስ 219 ይቀራል።

የሞላ ጥንካሬ የሚወጣው ከሽቦው ውፍረት፣ ከዙሩ ስፋትና ከሚሠሩት ዙሮች ቁጥር ነው። ቀመሩ፦ 79,000 (የብረቱ የግትርነት ቁጥር) ሲባዛ በሽቦው ውፍረት አራተኛ ኃይል፣ ሲካፈል ለ8 ጊዜ የዙሩ ስፋት ሦስተኛ ኃይል ጊዜ የዙር ብዛት። ስፋቱ ከሽቦ መሃል እስከ ሽቦ መሃል ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ሰሃኑ (የሞላው መቀመጫ) ላይ ተኝተው የማይሠሩትን የጫፍ ዙሮች አትቁጠሩ።

ለምሳሌ ሽቦ 11፣ ስፋት 110፣ የሚሠራ ዙር 5 ተኩል ከሆነ 19.7 ኒውተን በሚ.ሜ ይወጣል። ሽቦው 12 ቢሆን ወደ 28 ይዘላል። አንድ ሚሊ ሜትር ሽቦ 42 በመቶ ነው! ስለዚህ ሽቦ በካሊፐር እንጂ በአይን አይለካም፤ ቀለሙም ተፍቆ ይለካ።

አሁን መቁረጡ። በሁለት ዙሮች መካከል ያለው ርቀት ሞላው ነጻ ሲሆን 50 ሚ.ሜ ነው እንበል። ስትራቱ ያጋደለ ስለሆነ ሞላው የሚታመቀው ጎማው ከሚሄደው 95 በመቶ ያህል ነው እንበል፤ ዝቅታውንም ሞላው ላይ እንቁጠረው። በዚህ ስሌት ከፍ ሲል ያለው ሞላ መኪናውን ሲሸከም ወደ 114 ሚ.ሜ ይታመቃል፤ መኪናው በሰከንድ 1.43 ጊዜ የመወዛወዝ ጠባይ ይኖረዋል። በተለምዶ ለመንገድ መኪና ጥሩ የሚባለው ፊት ላይ ከ1.2 እስከ 1.6 ነው።

ግማሽ ዙር ብትቆርጥ፦ ጥንካሬ 21.7፣ መኪናው 15 ሚ.ሜ ይወርዳል፣ ውዝዋዜው 1.5።
አንድ ዙር፦ 24፣ 30 ሚ.ሜ ይወርዳል፣ 1.6 ገደማ።
ሁለት ዙር፦ 31፣ 59 ሚ.ሜ ይወርዳል፣ 1.8።

1.8 ለለሰለሰ የውድድር ሜዳ ያስኬዳል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ጎማው መሬቱን ትቶ ይዘላል። መሬት ያልነካ ጎማ መኪናውን አያዞርም፣ ፍሬንም አይይዝም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የአሞርዛተሩ የመንቀሳቀሻ ርዝመት ነው። አሞርዛተሩ ከቆመበት ወደ ላይ 80፣ ወደ ታች 80 ሚ.ሜ ቢኖረው፣ 59 ስትወርድ ወደ ላይ የሚቀርህ 21 ሚ.ሜ ብቻ ነው። አንድ ጉድጓድ ይበላዋል። ወደ ታች ደግሞ 139 ይሆናል፤ የተቆረጠው ሞላ የታመቀው 73 ብቻ ስለሆነ፣ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው 66 ሚ.ሜ ልቅ ሆኖ ከሰሃኑ ይወጣል። ጉብታ ዘለህ ስታርፍ ሞላው በቦታው ላይኖር ይችላል ማለት ነው። በአንድ ዙር እንኳ 16 ሚ.ሜ ልቅ አለ። በግማሽ ዙር ግን ወደ ታች 95፣ መታመቁ 104፤ ሞላው እንደተያዘ ይቆያል። አሞርዛተሩን ካላሳጠርክ ወሰንህ ግማሽ ዙር ነው።

ቶርኖ_ቤት_መንደራ
እህታችን ልክ ብላለች። የአቆራረጡን እኔ ልጨምር።

በጋዝ እሳት ሞላ አይቆረጥም፣ አሙቆ ማውረድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ተሞቆና ቀዝቅዞ ነው። እሳት የነካው ቦታ ይለሰልሳል፤ ከጎኑ ያለው ይሰባበራል። በቀጭን የግራይንደር ዲስክ፣ ትንሽ እየቆረጡ ውኃ በነከረ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፤ ሽቦው በእጅ የማይያዝ እስኪሆን አታድርሱት። ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ይሞረድ፣ ወዲያው ቀለም ይቀባ። በእኛ ዝናብ ያልተቀባ ጠርዝ ሰኔ ላይ መዛግ ይጀምርና ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያው ነው። የተቆረጠው ጫፍ ሰሃኑ ላይ ያለውን እርከን ሞልቶ መቀመጥ አለበት። ግራና ቀኙ በአንድ ልክ፣ በክር ተለክቶ ይቆረጥ።

የፊት ስትራቱ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ካርትሬጅ (አሞርዛተሩ ራሱ) ስትገዛ ሁለት ነገር ለካ፦ ውጫዊ ስፋቱንና ርዝመቱን። ካጠረ ከሥሩ የብረት ቁራጭ በቶርኖ ይሠራለታል፤ የላይኛው ቀለበት ዳዶ ሲጠብቅ ካርትሬጁን መጫን አለበት እንጂ ቱቦውን ብቻ ከነካ ካርትሬጁ ይንኳኳል። ከመዝጋትህ በፊት በቱቦውና በካርትሬጁ መካከል የሞተር ዘይት ጨምር፤ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው እሱ ነው። እስከ አፍ አትሙላው፤ ካርትሬጁ ሲገባ ዘይቱ ከአፉ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም፣ ሲሞቅ ይሰፋልና።

ቦኮላን በተመለከተ፦ ከካሚዮን ጎማ እየተቆረጠ የሚሠራው ለጊዜው ያስኬዳል፤ ግን ጎማው ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ ይሽከረከራል፣ ይበላል። ለፊት ታችኛው ክንድ የፋብሪካውን ዓይነት ፈልጉ። ለባሩ ማሰሪያ ግን ጠንካራው ፕላስቲክ ጥሩ ነው።

ሜካኒካል_ቂጦ
ቦኮላው ስለተነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለኋላ አራቱ ዘንጎች ጠንካራ ፕላስቲክ አታስገቡ። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል አክስሉ ከአካሉ ጋር ይጣመማል፤ በዚያን ጊዜ አራቱ ዘንጎች የተለያየ ክብ ይሄዳሉ፣ ልዩነቱን የሚውጠው ቦኮላው ነው። የማይለጠጥ ነገር ካስገባህ ዘንጎቹ ይያያዛሉ፤ አክስሉ ራሱ እንደ ወፍራም ባር ይሆናል። ውጤቱ እርጥብ መንገድ ላይ ጭራው ሳይታሰብ ማምለጡ ነው። ከኋላ የጎማ ቦኮላ፤ ፓናርዱ (አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ) ላይ ብቻ ጠንከር ያለ።

ባሩም እንደዚያው። የባር ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ያድጋል፦ ከ18 ወደ 22 ሚ.ሜ ሲሄድ ከእጥፍ በላይ፣ 2.2 ጊዜ ነው። ከኋላ ወፍራም ባር ማለት የውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀልላል ማለት ነው፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ኃይሉን ወደ ቀለለው ጎማ ስለሚልክ ጅረን ዳገት ላይ፣ ዝናብ በመታው ኩርባ፣ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። የፊቱ የፋብሪካ ባር በአዲስ ቦኮላ፣ ከኋላ ምንም፤ ለመነሻ ይኼ ነው።

የሂርማታ_ዲኤክስ
ሁለት ዙር መቁረጡን ተውኩት። የቀሩኝ ጥያቄዎች፦ አሞርዛተሩ ምን ያህል ይጠንክር? 15 ኢንች ቸርኬስ?

ጎሚስታ_አጂፕ
ቸርኬው ላይ ቁጥሩን እዩት። እነዚህ አራቱ ጎማዎች ቁመታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ 155/80 አር 13 ቁመቱ 578 ሚ.ሜ፣ 175/70 አር 13 ደግሞ 575፣ 185/60 አር 14 578፣ 195/50 አር 15 576። የፍጥነት መለኪያው አይዛባም። የሚለየው የጎማው ጉንጭ ነው፦ በተራ 124፣ 122፣ 111፣ 97። ጉንጩ የመጀመሪያው ሞላህ ነው። 97 ሚ.ሜ ጉንጭ የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ ቸርኬው ይታጠፋል ወይም የጎማው ክር ይበጠስና ጎኑ ያብጣል፤ ያበጠ ጎማ አይጠገንም፣ ይጣላል።

ለዚህ መኪና ምክሬ 175/70 አር 13 ነው፤ በጣም ካማረህ 185/60 አር 14። ቡሎኑ አራት፣ የቡሎኖቹ ክብ 114.3 ሚ.ሜ ነው። ቸርኬው ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ መሪው በየጉድጓዱ እጅ ይመታል፣ የፊት ኩሽኔትም ቶሎ ይሄዳል። ወደ ውጭ ለማውጣት ብቻ ስፔሰር (መሃል የሚገባ ብረት) አትጠቀሙ።

ንፋሱ፦ ለ175/70 ፊት 27፣ ኋላ 26 ፒ.ኤስ.አይ ብለህ ጀምር፣ ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ። ሰው ስትጭን ኋላውን ወደ 30። ሙቀት በየ5 ወይም 6 ዲግሪው አንድ ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይጨምራል፤ ወደ ጊቤ በረሃ ወርደህ ጎማው ግሎ ስትለካው ከፍ ብሎ ቢታይህ አታስተነፍሰው፣ ጅማ ስትመለስ ጎድሎ ታገኘዋለህ። ንፋስ ማብዛት የለመደ ጎሚስታ ለዲኤክስም 40 ይሞላል፤ ቀላል መኪና በዚያ ንፋስ የጎማው መሃል ብቻ መሬት ይነካል፣ ዝናብ ላይም ይንሸራተታል። የቸርኬ ዳዶ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ወደ 100 ኒውተን ሜትር።

ሜካኒካል_ቂጦ
አሞርዛተር፦ ግማሽ ዙር ለተቆረጠው የፊት ሞላ፣ በአንድ ጎማ ወደ 1,240 ኒውተን በሜትር በሰከንድ ይበቃል። ይህ ውዝዋዜውን ሙሉ በሙሉ ለማቆም ከሚያስፈልገው 30 በመቶ ነው። ዘንጉ በሰከንድ 0.3 ሜትር ሲሄድ በአማካይ 38 ኪሎ ይቃወማል ማለት ነው። ሲመለስ የሚበልጥ፣ ሲታመቅ የሚያንስ ይሁን፤ 50 እና 25 ኪሎ ጥሩ ክፍፍል ነው። ሲታመቅ እኩል የሚጠነክር አሞርዛተር ጉድጓዱን ወደ አካሉ ያስተላልፈዋል።

መለኪያ ማሽን በሌለበት፦ የመኪናውን ጥግ ሦስት ጊዜ ተጭነህ ልቀቅ። ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መቆም አለበት። ደግሞ ከወጣ አሞርዛተሩ ደክሟል። ከፍ ሳይል እየዘገየ ከተመለሰ በጣም ጠንክሯል፤ እንዲህ ያለው ተከታታይ ጉብታ ላይ እየታመቀ እየታመቀ ሄዶ ስቶፐሩ (መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ላስቲክ) ላይ ይቀመጣል።

ኋላው ከፊቱ 7 በመቶ ያህል ፈጠን ያለ ይወዛወዝ፤ ፊቱ 1.5 ከሆነ ኋላው 1.6። ጉብታውን ፊቱ ቀድሞ ስለሚመታ፣ ኋላው ፈጥኖ ይደርስበትና አካሉ እንደ ሚዛን ከመነቅነቅ ይልቅ አንድ ላይ ይረጋል። በዚህ ክብደት ወደ 17.8 ኒውተን በሚ.ሜ የኋላ ሞላ ነው። ከኋላ በጠቅላላ 100 ኪሎ ሲጫንበት 28 ሚ.ሜ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ተጨማሪ 59 ዝቅ ያለ መኪና የት እንደሚደርስ አስቡት።

ዝቅ_ያለ
ቁጥሩ አሳምኖኛል፤ ግን ጥቂት ዝቅ ማለት የሚጠቅምበት መንገድ ሙሉ በሙሉ የለም ማለት አይደለም። ስትራቱን አሳጥሮ፣ አጭር ካርትሬጅ አስገብቶ 25 ሚ.ሜ ማውረድስ? ደግሞ ፓናርዱን የሚስተካከል ማድረግ ግዴታ ነው ይባላል።

ሜካኒካል_ቂጦ
25 ይቻላል። ከዚያ በላይ በጅማ ጉብታ አይሆንም፦ የሁለቱ አክስሎች ርቀት 2,400 ሚ.ሜ ነው፣ ጉብታው ከዚያ ያጥራል። ፊቱ ካለፈ በኋላ ጉብታው በሙሉ ከፍታው በሆዱ ሥር ያልፋል። 100 ሚ.ሜ ጉብታና ፊቱ ሲያርፍ የሚታመቀው 30 ሚ.ሜ 130 ነው፤ ከማርሚታው ቧንቧ እስከ መሬት ከዚህ በላይ ሊኖርህ ይገባል። መጀመሪያ ቧንቧውን ለካ፣ ቀጥሎ የምታልፍበትን ጉብታ ለካ።

ስትራት ያለው መኪና ሲወርድ የታችኛው ክንድ ወደ ውጭ ሽቅብ ያያል። በዚህ ጊዜ መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ይበልጥ ይወርዳል። ዝቅ ያለ መኪና አንዳንዴ ይበልጥ የሚያጋድለው ለዚህ ነው። መፍትሔው በስትራቱ ታችና በመሪው ክንድ መካከል ከ20 እስከ 25 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የብረት ስፔሰር ነው። ቦል ጆይንቱና ቴስቲናው በዚያው ክንድ ላይ ስላሉ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፣ የመሪው ማዕዘንም ይስተካከላል። ቡሎኑ በስፔሰሩ ልክ ይርዘም፣ 10.9 የተጻፈበት ይሁን፤ ተራ ቡሎን እዚያ ላይ ማስገባት ጎማ ለመጣል መስማማት ነው። በ13 ኢንች ቸርኬ ክንዱ ቸርኬውን እንዳይነካ ጎማውን በእጅ አዙረህ፣ መሪውን እስከ ጥጉ ወስደህ እይ።

ፓናርዱ ላይ ግን ገንዘብ አታባክን። 900 ሚ.ሜ ዘንግ አግድም ሆኖ 30 ሚ.ሜ ሲወርድ አክስሉን ወደ ጎን የሚገፋው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከመጀመሪያውም 40 ሚ.ሜ ተዳፍቶ ከነበረ 1.8። በክር ለካው፤ ከ5 በላይ ከሆነ ያኔ እንነጋገር።

የሂርማታ_ዲኤክስ
አላይመንቱን በራሴ ግቢ መጀመር ይቻላል? ማሽኑ ጋ ሲወሰድ ካምበር (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማጋደል) አይስተካከልም ብለው ቶውን (ጎማዎቹ ከፊት ጠብበው ወይም ሰፍተው መቆማቸውን) ብቻ ይሠራሉ።

አባ_ሞላ
ይቻላል፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ወለሉን በውኃ ሚዛን ቱቦ አስተካክል፦ አራቱ ጎማ የሚቆሙበት ቦታ ከ3 ሚ.ሜ በላይ አይለያይ፣ በሰድር ወይም በቀጭን ላሜራ አሟላው። ንፋሱን ሙላ። ነዳጁ ግማሽ ይሁን። በነጂው ወንበር ላይ 4 ፈረሱላ ቡና አስቀምጥ፤ 68 ኪሎ ነው፣ ከሰው ይሻላል፣ አይንቀሳቀስም። ከፊት ጎማዎች ሥር ግሪስ የተቀባ ሁለት ሁለት ላሜራ አድርግ፣ ጎማው በነጻ እንዲንሸራተት። መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ አድርገህ፣ ጥጎቹን ተጭነህ ልቀቅ።

ቡና መጋዘን ያለው ወዳጅ ካለህ የመድረክ ሚዛኑን ተዋስ። አንዱን ጎማ ሚዛኑ ላይ፣ ሦስቱን እኩል ከፍታ ባለው ብሎኬትና ጣውላ ላይ አድርገህ አራቱንም ተራ በተራ መዝን። የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ድምር ከጠቅላላው ግማሽ ገደማ ይሁን፣ ከ49 እስከ 51 በመቶ። ከተዛባ በቀለለው ጥግ ሞላ ሥር 5 ሚ.ሜ ማስነሻ ጨምር። መኪናው ፍሬን ላይ ወደ አንድ ጎን የሚስብበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው።

ካስተር (ጎማው በመሪ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን) መጀመሪያ። ከታችኛው ክንድ ወደ ፊት የሚሄደው የመጎተቻ ዘንግ ጫፉ ላይ ዳዶዎች አሉት። ከመፍታትህ በፊት በቀለም ምልክት አድርግ፣ ጥርሱንም ቁጠር። ክንዱን ወደ ፊት ስትስበው ካስተር ይጨምራል። ለመለካት ጎማውን 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ 20 ወደ ውጭ አዙረህ የካምበሩን ልዩነት በ1.46 አባዛ። 3 ወይም 4 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ኃይል የሌለው መሪ ከተማ ውስጥ ክንድ ያደክማል። የመንገዱ ቀኝ ጫፍ ለውኃ ተብሎ ስለሚዳፋ መኪናው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የቀኙን ካስተር ከግራው ሩብ ዲግሪ አብዛው፤ መኪና ካስተር ወዳነሰበት ይሄዳልና ይመጣጠናል።

ካምበር በቱንቢ። የ13 ኢንች ቸርኬ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 355 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ 6.2 ሚ.ሜ ልዩነት አንድ ዲግሪ ነው። ላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ከ3 እስከ 6 ሚ.ሜ ወደ ውስጥ ይግባ። ለመንገድ ከዚህ አትለፍ፤ ጎማው በውስጥ በኩል ይበላል። ግራና ቀኙ ከግማሽ ዲግሪ በላይ አይለያይ። ከላይ ማረፊያው ላይ ቀዳዳውን ማርዘም ይቻላል፤ ግን ወፍራም ሮንዴላ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ጉድጓድ ሲመታ ይንሸራተታል።

ቶ መጨረሻ። በመኪናው በሁለቱም ጎን፣ በጎማው መሃል ከፍታ ክር ወጥር። በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ስፋት ፊትና ኋላ እኩል ይሁን፣ ክሮቹም ከመኪናው መሃል መስመር እኩል ይራቁ። ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ለካ። የሁለቱ ጎማ ድምር ቶ ኢን (ከፊት መጥበብ) ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ ይበቃል፤ የጎማ ቦኮላው በጉዞ ላይ ስለሚለጠጥ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ቶ አውት ለዚህ መንገድ አይሆንም፣ መኪናው የካሚዮን ጎማ በቀደደው ቦይ ሁሉ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን የቴስቲና ቱቦ እኩል አዙር፣ አለዚያ መሪው ጠማማ ይቀራል።

ጎሚስታ_አጂፕ
ጋሼ የረሱት አለ፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ቸርኬው የታጠፈ መሆኑን ያጣሩ። ጎማውን አንስቶ እያዞሩ ጠርዙ ላይ ሚስማር ማስጠጋት ነው። ከ1 ሚ.ሜ በላይ የሚወላገድ ቸርኬ ላይ የቶ ልኬት ትርጉም የለውም።

አባ_ሞላ
እውነት ነው፣ አመሰግናለሁ። ቸርኬው ካልተቀየረ ጎማውን ግማሽ ዙር አዙረህ ሁለቴ ለካና አማካዩን ውሰድ።

የሂርማታ_ዲኤክስ
እንግዲህ ቅደም ተከተሌ ይኼ ሆኗል፦ ቴስቲና፣ ቦል ጆይንት፣ የጎማ ቦኮላ፤ 175/70 አር 13፤ አራት አሞርዛተር፤ ከፊት ግማሽ ዙር፣ ከኋላ አዲስ ጥንድ ሞላ፤ ከዚያ አላይመንት። ሲጠናቀቅ መንገድ ላይ ምኑን ልይ?

አባ_ሞላ
መጀመሪያ ሳትነዳው፦ ጎማው ሙሉ ሲንጠለጠል የፍሬኑ ቱቦ አይወጠር፤ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ሲሄድ ጎማው ፓራፋንጎም ቱቦም አይንካ።

የአሞርዛተሩ ዘንግ በሚታይበት ቦታ የፕላስቲክ ማሰሪያ በስሱ እሰርበት። ከተማውን ዙር፣ ከዚያ ማሰሪያው የት እንደደረሰ እይ። ስቶፐሩ ጋ ደርሶ ከሆነ ወይ ሞላው ሳስቷል ወይ ዝቅታው በዝቷል። ከ20 እስከ 30 ሚ.ሜ ተርፎ ከቆመ ልክ ነው። ስቶፐሩን ራሱን ቆርጠህ አትጣለው፤ የመጨረሻዋ ሞላ እሱ ነው።

ከዚያ በአጋሮ መንገድ። 80 ገደማ ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ ባላንስ። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ። ቀጥ ባለ መንገድ ከተንከራተተ ቶውን ዳግም ለካ። ኮረኮንች ላይ ኋላው ወደ ጎን ከዘለለ የኋላ አሞርዛተር ወይም የበዛ ንፋስ፤ መጀመሪያ 2 ፒ.ኤስ.አይ ቀንስ፣ ወጪ የለውምና። ኩርባ ሲገባ አፍንጫው ወደ ውጭ ከሄደ የፊቱን ንፋስ 1 ጨምር፤ ጭራው ከቀለለ ከኋላ 1 ጨምር። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ቀኑንና ቁጥሩንም ደብተር ላይ ጻፍ።

አዲስ ሞላ ትንሽ ስለሚቀመጥ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ከፍታውን ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፣ ቶውንም ደግመህ እይ። የቦኮላ ቡሎኖቹን ሁሉ በዚያው ቀን መኪናው በጎማው ቆሞ ዳግም አጥብቅ።

ዝቅ_ያለ
ስፔሰሩን የምናሠራ ከሆነ መንደራ ላይ በአንድ ልክ ሁለት ጥንድ ይሠራልን። 22 ሚ.ሜ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም አይሁን። ቡሎኖቹን እኔ እፈልጋለሁ፣ 10.9 ማህተማቸውን አይቼ።

ቶርኖ_ቤት_መንደራ
የድሮውን ክንድ ይዛችሁ ኑ፣ ቀዳዳው ከእሱ ላይ ነው የሚወሰደው። በወረቀት ላይ የተሳለ አልቀበልም፤ የቀዳዳው ርቀት በግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳተ ቡሎኑ ሲጠብቅ ይታጠፋል።